ሰው የማይሞትበት ግቢ

እኔ በምኖርበት የአረጋውያን ግቢ ሰው አይሞትም። ልጁ መጥቶ ይወስደዋል። ማታ አብሮን ራት የበላ ሰው ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ይገኛል። አንሶላው ተነሥቷል፣ ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የት ሄዱ ብለን ስንጠይቅ «ልጃቸው መጥተው ወሰዷቸው» ይሉናል። ይህን ነገር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ይኸው አሁን ስጽፈውም እየፈላ ነው።

ግቢው ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነበርሁ። ባሌ ሞቶ ጉልበቴ ሲደክም ልጆቼ አዲስ አበባ ነይ አሉኝ፤ እኔ ግን አገሬ መቅረቱን መረጥሁና እዚህ ገባሁ። ማንም አልገፋኝም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ይበላል፣ ነርሷም ሸጋ ልጅ ናት። ስለዚህ መጥፎ ቤት ነው እያልሁ አይደለም። መጥፎ ቤት ቢሆንማ እንዲህ አልናደድም ነበር፤ ከመጥፎ ቤት ምን ይጠበቃል?

መጀመሪያ የተወሰዱት ልብስ ሰፊው ናቸው። ፒያሳ በረንዳ ላይ በእግር ማኪና ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። እርጅና ከማኪናው ቢለያቸውም ዐይናቸው ከሰው ልብስ ላይ አልነሣ ብሎ ነበር። እያወሩዎት እጅጌዎን ይስቡና «ይህን ማን ነው የሰፋው? እጁን ይስበረው!» ይላሉ። የግቢውን ሰው ቁልፍ ሁሉ የተከሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ጠፉ። ልጃቸው ከባሕር ዳር መጥቶ ወሰዳቸው ተባልን። መነጽራቸው ግን መስኮቱ ላይ ቀርቷል። ያለ መነጽር እንዴት ሄዱ ስንል፣ ልጃቸው ቸኩሎ ስለነበር ነው አሉን።

ቀጥሎ በሆስፒታል ወጥ ቤት የኖሩት ሴትዮ ናቸው። ስንት በሽተኛ ያበሉ፣ ማንኪያ ሳይነኩ በመዓዛው ብቻ የወጡን ጉድለት የሚያውቁ ሴት ነበሩ፤ ሳህኑ ገና ከሩቅ ሲመጣ «ጨው አላየም» ብለው ይፈርዱ ነበር። አንዲት ልጃቸው ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ቆይቷል። ስለሷ ሲያወሩ ወሬውን በመሀል አቋርጠው ወደ በሩ ያዩ ነበር። እሳቸውም አንድ ጠዋት የሉም። ልጃቸው ከዐረብ አገር መጥታ ወሰደቻቸው ተባለ። እኛ ምን አደረግን? እልል አልን። ምግብ ቤቱ ውስጥ ተነሥተን፣ መቆም ያልቻለውም እንደተቀመጠ፣ እልል አልንላቸው። ከዚያ ወዲያ ልጅ ያላቸው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ከበሩ አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ። የሷ ልጅ ከባሕር ማዶ ከመጣች የኔ ከዚችው ከአዘዞ መምጣት ምን ያቅተዋል የማይል አልነበረም።

ሦስተኛው አያ ነው። የትክል ድንጋይ ገበሬ ነበር፤ ትልቅም ትንሽም አያ እያለ ነው የሚጠራው። ሁለቱም ዐይኑ ታውሯል ማለት ይቻላል። ከአጥሩ ውጭ ላም ስትጮህ ሰምቶ «ይቺ ጥጃዋን ከልክለዋታል» ይላል፤ ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ በማሽተት ያውቃል። እኔን የኔታ ነበር የሚለኝ። ኮቴዬን ሲሰማ «የኔታ፣ ዛሬስ ማንን ልትገርፊ ነው?» ብሎ ይጀምረኛል። እኔም ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አባርረው እንደነበር እነግረዋለሁ።

ከሰው ሁሉ የሚቀርበው ግን ሸክላ ሠሪዋን ነበር። ወለቃ መንገድ ዳር ሸክላ እየሠራች ስትሸጥ የኖረች፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ናት። ክፍሏ ከክፍሉ ቀጥሎ ነው። ጠዋት ጠዋት በየበርጩማቸው ጎን ለጎን ፀሐይ ላይ ይቀመጡና በአንድ ድስት ይጣላሉ።

«የሸጥሽልኝ ድስት እኮ በመጀመሪያው ቀን ተሰነጠቀ» ይላታል።

«ሳታሟሸው ጥደኸው ነዋ! ደግሞ ድስት የሚገዛ ወንድ የት አገር ነው ያለው?»

«ምን ላድርግ፣ ሚስቴ አራስ ነበረች።»

«እንግዲያ አራሷን ጠይቀህ ጣደው እንጂ፣ አንተ ጉድ!»

ይህ ጠብ በየቀኑ አዲስ ነበር። በእርግጥ ከሷ ገዝቶ ይሁን፣ ድስቱም ኖሮ ይሁን የሚያውቅ የለም።

ሸክላ ሠሪዋ ማለዳ ማለዳ ቁስቋም ወጥታ ትሳለማለች። አያ ዳገቱን አይችለውም። አንድ ቀን «እኔ እንደሆንሁ አልወጣው፤ አንቺ ስትሳለሚ ስሜን አንሺልኝ» ብሎ የክርስትና ስሙን ነገራት። እኛ ዘንድ የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም ለሁሉ አይሰጥም፤ ለንስሐ አባትና ለሚያምኑት ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረዶም ቢሆን ጭቃም ቢሆን ከደጀ ሰላሙ ቆማ ስሙን ሳታነሣ ውላ አታውቅም። ስትመለስ «አድርሻለሁ» ትለዋለች። እሱም «ይድረስሽ» ይላታል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት የአያ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ አየን። የግቢው ኃላፊ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ ወጣት ነው፣ ራሱ ወደ ሸክላ ሠሪዋ መጣ።

«አያ ልጃቸው መጥተው ወሰዷቸው፣ እማማ። ሰላም በሉልኝ ብለዋል።»

ሰላም በሉልኝ! ውሸቱ አልበቃው ብሎ ቅቤ ቀባው።

«ሰላም በሉልኝ?» አለች። «ምነው፣ እግር የለውም? ክፍሌ እኮ ከክፍሉ ቀጥሎ ነው።»

ቁርሷን አልነካችም። ተነሥታ የአያን በርጩማ ከበርጩማዋ አጠገብ አንሥታ ወጥ ቤቱ ጀርባ ወረወረችው። ላጽናናት ቀረብሁ።

«ተይኝ» አለችኝ። «ልጅ ያለው ሰው እንዲህ ነው። ልጁ ሲመጣለት የጎረቤት ፊት ይጠፋዋል። በሄደበት ይቅር! ስሙንም ትቼዋለሁ፤ ልጁ ያንሣለት።»

ከዚያ ወዲያ የአያ ነገር ሲነሣ ተነሥታ ትሄዳለች። ምላሷ ስለት የነበረ ሴት ዝም አለች። ማለዳ ቁስቋም መውጣቷን አልተወችም፤ ስትመለስ ግን አድርሻለሁ የምትለው ሰው የላትም።

እኔን አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚያ ሳምንት የአያ ልጅ ወደሚኖርበት ወደ ትክል ድንጋይ የሚወስደው የአርማጭሆ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኩል ሰውም እህልም አልገባም፤ ወጥ ቤቱ ድንች አጥቶ ስንቆጣ የሰጠን ምክንያት ይኸው ነበር። ታዲያ የአያ ልጅ በክንፍ መጣ? ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅሁት።

«በምን መጣ?»

«በመኪና፣ እትዬ።»

«በየት በኩል?»

«እርስዎ ምን አደከመዎት፤ ሻይ ይጠጡ» አለኝ።

ሻይ ይጠጡ! እኔ ዋሽቶ የሚቁለጨለጭ ዐይን ስመለከት የኖርሁ አስተማሪ ነኝ። የቤት ሥራውን ውሻ በላብኝ የሚለኝ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያየኝ።

መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። በወሩ በቁስቋም ቀን ዘመድ ይዞኝ በመኪና ወጣሁ። ቅዳሴው አልቆ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ አንድ ቄስ መስቀል አሳልመውኝ «እርስዎ ከታችኛው ግቢ አይደሉም?» አሉኝ።

«ነኝ፣ አባ።»

«እንግዲያ ይርዱን። ያን የትክል ድንጋይ ሽማግሌ፣ ዐይናቸው የታመመውን፣ የክርስትና ስማቸውን የሚነግረን አጣን። ያመጧቸው ሾፌሩና ዘበኛው የሚያውቁት የዓለም ስማቸውን ነው። እኛም ነፍሰ ገብርከ፣ የባሪያህ ነፍስ፣ እያልን ብቻ ነው ፍትሐት የምናደርስላቸው። አርባቸው ቀርቧል፤ ያለ ስም ባይሆን ደግ ነበር።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወስደው መቃብሩን አሳዩኝ። አፈሩ ገና አልጠጠረም። ጎንደር ላይ የኔ ቢጤ ሲሞት እንኳ መንገደኛ ቆሞ ይሸኛል፤ የማያውቀውን ሰው አስከሬን አይቶ ሥራውን ጥሎ የሚከተል ሕዝብ ነው። አያን የሸኙት ሾፌርና ዘበኛ ናቸው። ልብስ ሰፊውና የወጥ ቤቷ ሴትዮም እዚያው አጠገብ ናቸው። ጠይቄ አረጋገጥሁ። ከባሕር ዳር የመጣ ልጅ የለም፤ ከዐረብ አገር የመጣች ልጅ የለችም።

ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። አልተቀመጥሁም።

«አያ የት ነው?»

ፊቴን አይቶ ሊዋሽ አልደፈረም። አንገቱን ደፋ። «ለእናንተው ብለን ነው፣ እትዬ» አለ። «ሥልጠና ላይ የተነገረን ነው። አረጋውያን የሞት ዜና ሲሰሙ ይጨነቃሉ፣ ደም ግፊታቸው ይጨምራል። በሰላም እንድትኖሩ ብለን እንጂ...»

«ስማኝ፣ አንተ ልጅ» አልሁት። «እዚህ ግቢ ባሉን፣ እናቱን፣ ወንድሙን ያልቀበረ አለ? እኔ ለቀባሪ አረዱት ሲባል ነው የማውቀው። ከቀባሪ ደብቀው ሲቀብሩ ያየሁት ከናንተ ነው! እኛ ሕፃን ነን? ነው ወይስ ሰው መሆናችን በዚህ በር ስንገባ ቀረ? ያቺ ሴትዮ ልጇን እንዳየች ሞታለች፣ እኛ ግን ልጇ መጣች ብላችሁን እልል ብለናል። በሬሳ ላይ እልል አስባላችሁን! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ንቃችሁን ነው።»

«እንደሱ አይደለም...»

«ልጇን እንዳየች ያልሁት ተሳስቼ ነው» አልሁት። «ሳታይ ነው የሞተችው። አየህ ወይ፣ አንተው ነህ እንዲህ የምታናግረኝ፤ ውሸታችሁ አፌ ላይ ሳይቀር ተጣብቋል።»

«እማማ ሸክላ ሠሪዋን ግን እባክዎ አይንገሯቸው» አለኝ። «ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ከድንጋጤ ጠብቋቸው ብሏል። አንድ ነገር ቢሆኑ ኃላፊነቱ የርስዎ ነው።»

ይህ ግን እውነት ነበር። ልቧ ደካማ ነው፤ መድኃኒቷን ስትውጥ አያለሁ። ክፍሌ ገብቼ ተቀመጥሁና ፈራሁ። ብነግራትና ብትወድቅ ምን ይውጠኛል? ባልነግራት ደግሞ አያ ያለ ስም ይፈታል፤ ስሙን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷም ከዳኝ ብላ እንደረገመችው ትኖራለች፣ እንደረገመችውም ትሞታለች። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ በኔ ትከሻ ላይ ስለጫኑት የባሰ ተናደድሁ። በደንቡ ቢሆን ኖሮ በዕለቱ ሰምታ፣ በዕለቱ አልቅሳ፣ ዕንባዋን ጠርጋ ንፍሮዋን ትቅም ነበር።

ግቢያችን ውስጥ ድሮ መሪጌታ የነበሩ ሽማግሌ አሉ። እሳቸውን አማከርሁ። «መርዶ ይደረጋል እንጂ አይደበቅም» አሉ። «ነገር ግን በወጉ። በማለዳ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ብቻዋን ሳትሆን።»

በማግሥቱ ገና ሲነጋጋ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ከመሪጌታ ጋር ወጣሁ። ነርሷን ለልቧ ብዬ ነግሬያት ነበር፤ መጣችና ምንም ሳትናገር ከኋላችን ቆመች። ሸክላ ሠሪዋ ቁስቋም ለመሄድ በሩን ከፍታ ስትወጣ ተገጣጠምን። አለባበሳችንን አየች። አገሩ የሷም አይደል? መናገር ሳያስፈልገን ገባት።

«ማን ነው?» አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ መሪጌታ። «የትክል ድንጋዩ አያ ዐርፏል።»

«መቼ? ልጁ ዘንድ?»

«ልጁ አልወሰደውም። ጠፋ ያሉሽ ዕለት ነው የሞተው። ላይ ቁስቋም ነው ያለ።»

ነርሷ ልትይዛት ፈጠነች። እሷ ግን አልወደቀችም። የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ሁላችንም ጩኸት ነበር የምንጠብቀው።

«እኔ እኮ ስሙን ትቼዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «በየቀኑ እዚያው ወጥቼ፣ ለሁሉ ጸልዬ፣ የሱን እዘለው ነበር። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እዘለው ነበር።»

ከዚያ ደረቷን መታችና ድምፅ አወጣች፦

«ዳገቱ ከብዶኛል፣ ስሜን አንሺ ያልኸኝ፣
ቀድመኸኝ ወጥተህ ነው፣ ዝም ብለህ ያየኸኝ?»

በር ሁሉ ተከፈተ። በከዘራም፣ በግድግዳም፣ እየተደገፈ ሰው ወጣ። ማን ሞተ ሲል አያ አልን። አንዷ ወዲያው ገባትና «ልብስ ሰፊውስ?» አለች። አዎ አልናት። «የወጥ ቤቷስ?» አዎ። እልል ካሉት ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የሷ ድምፅ ነበር፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጠዋት ለሦስቱም አለቀስን። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ደርቋል ያልነው ሁሉ ወረደ። ኃላፊው ከነ ፒጃማው ሮጦ መጥቶ ደጅ ላይ ቆሞ ቀረ። ነርሷ በየተራ ደም ግፊታችንን ለካች። የወደቀ ሰው የለም። የሚጥለን ሐዘን ቢሆን ኖሮ እስከዚህ ዕድሜ አንደርስም ነበር።

ሸክላ ሠሪዋ ፊቷን ታጥባ ክንዴን ያዘች። ያን ዳገት በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ ንዴት ነው የወሰደኝ። ቄሱን አስጠርታ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ስሙን ነገረቻቸው። እኔ ራቅ ብዬ ቆምሁ። ስሙን አልጠየቅኋትም፣ እዚህም የምጽፈው ነገር የለም። እሱ ያመነው እሷን ነው። ከዚያ መቃብሩ ላይ ተንበርክካ አፈሩን በመዳፏ ደልደል ደልደል አደረገችው፣ ጭቃ እንደለመደ እጅ።

አርባው ዕለት ዳቦ አስጋገርን፣ ንፍሮ አስቀቀልን። መሄድ የቻለ ፍትሐቱ ላይ ቆመ፤ አያ በስሙ ተጠራ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ተሰብስበን ስለሦስቱም አወራን። ልብስ ሰፊው የመሪጌታን ካባ አይተው «ይኸ ካባ ነው ወይስ ጆንያ?» ማለታቸው ተነሣ፤ መሪጌታ እስካሁን እንዳልረሱት ስናይ ሳቅን። የወጥ ቤቷ ሴትዮ ሌሊቱን አያልፍም የተባለ አንድ በሽተኛ በሾርባ አነሣሁ ብለው ስንት ጊዜ እንደነገሩን ተነሣ። አንዱ ሾርባ ነው ሲል ሌላው የለም አጥሚት ነው ብሎ ተከራከረ። የአያ ድስት ሲነሣ ሁላችንም ወደ ሸክላ ሠሪዋ አየን።

«ከኔ አልገዛም» አለች። «የኔ ድስት አይሰነጠቅም።»

ይህን ሁሉ ነው ሊቀሙን የነበረው። ሰው ሞቶ እንዲህ ተቀምጠው የሚያነሡትን፣ የሚከራከሩበትን፣ የሚስቁበትን። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ልጁ ወሰደው ብለው፣ ሰውዬው ጎረቤቱን የከዳ ሆኖ እንዲቀር።

ኃላፊው ዳር ተቀምጦ የተሰጠውን ዳቦ በልቷል። ስንነሣ ተነሥቶ ቆመ። አጥፍተናል፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ ከእንግዲህ ሰው ሲያርፍ በዕለቱ እንነግራችኋለን፣ ቀብርም አብረን እንሸኛለን አለ። አንዳንዱ ተመስገን አለ። እኔ ተመስገን አላልሁም፤ ንዴቴ አልበረደም፣ ይበርዳልም ብዬ አልዋሽም። ሸክላ ሠሪዋ ግን በከዘራዋ ተደግፋ እስከ ፊቱ ድረስ ሄደች። ቁመቷ ደረቱ ላይ ቢደርስ ነው።

«እኔ የሞትሁ ለት» አለችው፣ «ልጇ መጥቶ ወሰዳት እንዳትሉ። ልጄን እኔው ነኝ የቀበርሁት።»